ፌስታሉ ከበር ከተነሳ በኋላ፦ ስለ አዲስ አበባ ቆሻሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በታክሲ ውስጥ፣ በቢሮ የቡና ሰዓት፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ቆሻሻ የማይነሳ ጥያቄ የለም። ደጋግመው የሚመጡትን ሰብስቤ እዚህ ለመመለስ ሞክሬያለሁ። መልሶቹ አዲስ አበባ ላይ ያተኩራሉ፤ አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ደሴ ላላችሁም ግን አብዛኛው ይሠራል። ወገንተኝነቴን ከመጀመሪያው ልናገር፦ እርጥቡን ከደረቁ ሳንለይ ስለ መኪና፣ ስለ ፋብሪካና ስለ አዲስ መድፊያ ብናወራ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ።

ከበሬ ላይ የተነሳው ቆሻሻ ወዴት ነው የሚሄደው?

በየወረዳው የተደራጁ የጽዳት ማህበራት አሉ። በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻውን በማዳበሪያ ይሰበስቡና በጋሪ ወደ ገንዳ ይወስዱታል። ገንዳ የምንለው 8 ሜትር ኪዩብ ገደማ የሚይዘው ያ የብረት ሳጥን ነው። ሲሞላ መኪና ያነሳውና ወደ ረጲ፣ ማለትም ወደ ቆሼ ይወስደዋል። ገንዳ በሌለበት ሰፈር ደግሞ ማዳበሪያዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው መኪና ይጠብቃሉ።

ከዚህ ጎን ለጎን ማንም ያላቀደው ሌላ መንገድ አለ። የሚሸጥ ነገር ገና ከበር ላይ ቁራሌው ይወስደዋል። ከእሱ የተረፈውን የማህበሩ ልጆች ከማዳበሪያው ውስጥ እየለቀሙ ለብቻው ያኖሩታል። ከእነሱ ያለፈውን ቆሼ ላይ የሚውሉ ሰዎች ይለቅሙታል። በመጨረሻ ተራራው ላይ የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው።

ስንት ያህል ነው የምንጥለው? ምን ምን አለበት?

በአዲስ አበባ አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቆሻሻ ያወጣል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ከ2 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ይህን በሚሊዮኖች ስታባዙት የከተማው ቆሻሻ በየቀኑ በሺህ ቶን የሚቆጠር ይሆናል።

የአንድ ቤት ፌስታል ቢገለበጥ የሚወጣው ይታወቃል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ። በዓል ከሆነ የዶሮ ላባም ይጨመራል። ጫት የሚቃምበት ቤት ገራባው ብቻውን አንድ ፌስታል ይሞላል። በክብደት ከተማው ከሚያወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲህ ያለ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ ብዙ ጥናቶች 60 በመቶና ከዚያ በላይ ያደርሱታል። ሃይላንዱ፣ ካርቶኑና ፌስታሉ ዓይን ይስባሉ እንጂ ክብደቱ ያለው እርጥቡ ላይ ነው። እርጥብ ደግሞ ውሃ ነው። መኪናው ናፍጣ እያቃጠለ ከሚያመላልሰው ጭነት ትልቁ ድርሻ ውሃ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን በሰዓቱ አይነሳም?

አንዱ ምክንያት መኪና ነው። አንድ መኪና ሲበላሽ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ይቆማል። ሁለተኛው መንገድ ነው። ረጲ በአንድ የከተማው ጠርዝ ስላለ ከቦሌ ወይም ከየካ የሚነሳ መኪና በትራፊኩ መሃል ተንፏቆ ነው የሚደርሰው። ክረምት ላይ መድፊያው ራሱ ጭቃ ይሆንና መኪናዎች ተራ ይጠብቃሉ። በዚህ ሁሉ መሃል ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል፤ ውሻ ይበትነዋል፤ ሰውም «ሞልቷል» ብሎ ፌስታሉን መሬት ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ሦስተኛው የክፍያው ነገር ነው። ማህበራቱ ለብዙ ዓመታት ሲከፈላቸው የኖረው ባመጡት ቆሻሻ በሜትር ኪዩብ ተሰፍሮ ነው። በይዘት ስትከፍሉ ብዙ ቦታ የሚይዝ ይመረጣል። በክብደት ስትከፍሉ ደግሞ እርጥብና አፈር ይመረጣል። በሁለቱም መንገድ ለይቶ ያመጣ ማህበር ምንም አያተርፍም፤ እንዲያውም የለየውን ያህል ገቢው ይቀንስበታል። ልጆቹ አይለዩም ብለን ከማማረራችን በፊት የምንከፍላቸው ለምን እንደሆነ ብናይ ጥሩ ነው።

ከውሃ ቢል ጋር የምንከፍለው የቆሻሻ ገንዘብስ?

እሱ ነው ማህበራቱ የሚከፈላቸው ገንዘብ ዋና ምንጭ። አሠራሩ ሲጀመር መኖሪያ ቤት ከውሃ ሂሳቡ 20 በመቶ፣ ንግድ ቤት ደግሞ 42.5 በመቶ እንዲጨምር ነበር የተደረገው። ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ይለዋወጣል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ብልህነት አለው፦ ለብቻው ገንዘብ ሰብሳቢ መቅጠር አያስፈልግም፤ አልከፍልም ያለ ሰው ውሃው ይቆረጥበታል።

ድክመቱም እዚያው ነው። ውሃ ብዙ የሚጠቀም ሁሉ ቆሻሻ ብዙ አያወጣም። ጉድጓድ ያስቆፈረ ሀብታም ከቆጣሪ ውጪ ነው። ውሃ በጀሪካን እየገዛ የሚኖር ተከራይም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የለየም ያልለየም እኩል ይከፍላል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የዓለም ባንክ እንደሚለው ድሃ አገሮች ውስጥ ከከተማ በጀት ወደ 20 በመቶ የሚጠጋው ለቆሻሻ ይውላል። ያን ያህል ወጥቶም ከ90 በመቶ በላዩ ወይ ሜዳ ላይ ይደፋል ወይ ይቃጠላል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚያልቀው ማንሳትና ማጓጓዝ ላይ ነው፤ አወጋገድ ላይ ሲደረስ ኪስ ባዶ ነው።

ቆሼ ለምን ተናደ?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር፣ ቅዳሜ ምሽት። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ተራራው ሥር በጭቃና በላስቲክ ቤት የሚኖሩ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ስለዚያች ምሽት ብዙ ተብሏል፤ ማን ጥፋተኛ ነው በሚለው ላይ ክርክሩ አላለቀም። የቆሻሻ ክምር እንዴት እንደሚናድ ግን የታወቀ ነው። ቆሼ 36 ሄክታር ገደማ ቦታ ላይ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረ ነው። ሥሩ ላይ ምንም ንጣፍ የለም፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ ነበር። የበሰበሰው ምግብ ጥቁር ፈሳሽ ያወጣል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ክምሩን ከውስጥ ያላላዋል። አየር የማያገኘው ብስባሽ ደግሞ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ከላይ አዲስ ጭነት ሲጨመርበት የሆነ ቀን ይሄዳል።

ከወር በኋላ ኮሎምቦ ውስጥ ተመሳሳይ ክምር ተንዶ ከ30 በላይ ሰው ገደለ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የካምፓላው ኪቴዚ እንዲሁ ተናደ፤ እዚያም ከ30 በላይ ሰው አለቀ። ሦስቱም ከተሞች ምግብና ልጣጩን ከሌላው ሳይለዩ አንድ ቦታ ሲቆልሉ የኖሩ ናቸው።

ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ የጃፓኖቹ የፉኩኦካ ዘዴ ተሞክሯል። ጎኑን በደረጃ እያስተኙ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች በድንጋይ መሃል ይቀበራሉ። ፈሳሹ በቱቦው ይወጣል፤ አየር በዚያው ይገባል። አየር ካገኘ ሚቴኑ ይቀንሳል፤ ብስባሹም ይፈጥናል። ዋጋው ከባድ ያልሆነ፣ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሕመሙን ማስታገስ ነው እንጂ አዲስ እርጥብ ቆሻሻ በየቀኑ እስከመጣ ድረስ አያበቃም።

ለምን ሌላ ቦታ መድፊያ አይሠሩም?

ሠርተው ነበር። ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ የተባለ መድፊያ በፈረንሳይ ልማት ድርጅት ድጋፍ ተገንብቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወራት ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና የውሃቸውን ብክለት ተቃውመው አስቆሙት። ያን ክረምት ከተማው ውስጥ የነበረ ሰው አይረሳውም፤ ቆሻሻው በየመንገዱ ተከመረ። በመጨረሻ መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ።

ገበሬውን የሚወቅሱ አሉ። እኔ አልወቅስም። የከተማ ሰው የጠላውን ነገር በሌላው ማሳ አጠገብ ሲያወርድ የመሬቱ ባለቤት ዝም እንዲል መጠበቅ አይቻልም። የሚሸተው፣ ዝንብ የሚጠራውና ጉድጓድ ውሃ የሚበክለው ደግሞ እርጥቡ ነው። ልጣጭና ትራፊ የሌለበት መድፊያ ቢሆን ጎረቤት ማሳመን ብዙ በቀለለ ነበር።

የረጲው የኃይል ማመንጫ አለ አይደል? እሱ ሁሉንም ቢያቃጥልስ?

ፋብሪካው ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን ያህል አቃጥሎ መብራት እንዲያመነጭ ነው የታቀደው። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ብዙ ተወራለት። ከምረቃው ወዲህ ግን ሥራው እንደታሰበው ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ ሲቆም ሲነሳ ነው የኖረው።

እንዲህ ያለ ምድጃ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ እንዲነድ ቆሻሻው ውስጥ በቂ ካርቶን፣ ጨርቅና ፕላስቲክ መኖር አለበት። አውሮፓ ውስጥ የሚሠራው ቆሻሻው ውስጥ ማሸጊያና ሌላ ደረቅ ነገር ከእኛ ይልቅ ስለሚበዛ ነው። የእኛ ጎመንና ቡና አተላ ነው። እርጥብ እንጨት አንድዶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ መጀመሪያ የሚያልቀው ሙቀት እንጨቱን ለማድረቅ ነው። ለዚህ ነው ቆሻሻው ከመቃጠሉ በፊት ጉድጓድ ውስጥ ለቀናት ተቀምጦ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ የሚደረገው። በዚያ ላይ ሊነድ ይችል የነበረውን ምርጥ ካርቶንና ፕላስቲክ ቁራሌው ቀድሞ ወስዶታል። መውሰዱም ትክክል ነው።

ስለዚህ ፋብሪካው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ደረቅ ነገር ከደረሰው ይሠራል። አመድም መቅረቱ ስለማይቀር መድፊያ ጨርሶ አያስቀርም።

እሺ ልለይ። ግን መኪናው ላይ መልሰው ይቀላቅሉት የለ እንዴ?

ይቀላቅሉታል፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሰው ሦስት ባልዲ ገዝቶ ለይቶ ካወጣ በኋላ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገለበጥበት አይቶ ቢተው አይፈረድበትም።

የሚያዋጣው አካሄድ ሦስት ባልዲ አይደለም። ሁለት ይበቃል፦ የሚበሰብስና የማይበሰብስ። ሁለተኛው ውስጥ ያለውን ሃይላንድ ከካርቶን መለየት የቁራሌውና የማህበሩ ሥራ ነው፤ ከእኛ በተሻለ ያውቁበታል። የእኛ ድርሻ ሽሮ እንዳይፈስበት ማድረግ ብቻ ነው። ወጥ የነካውን ካርቶን ማንም አይገዛም። ቁራሌው የዘይት ጀሪካን ሲቀበል ክዳኑን ከፍቶ አሽትቶ፣ አዘቅዝቆ ካንጠባጠበ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠራው። የቆሸሸውን በግማሽ ዋጋ ይወስዳል ወይ ትቶት ይሄዳል።

እርጥቡ ቢበዛ በሦስት አራት ቀን መነሳት አለበት፤ ይሸታል። ደረቁ ግን በአስራ አምስት ቀን አንዴ ቢነሳ ማንንም አይጎዳም። የመኪና ምልልስ የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ላይ እንዳይቀላቀል ለእርጥቡም ለደረቁም የየራሱን ቀን መስጠት ይበቃል፤ ሰኞና ሐሙስ እርጥብ ብቻ፣ በወር ሁለት ቅዳሜ ደረቅ ብቻ። አንድ ወረዳ ይህን በአንድ ቀጠና ብቻ ለመሞከር አዲስ መኪና አያስፈልገውም።

የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ራሱ ቤተሰብ ለይቶ እንዲያወጣ ያዝዝ ነበር። ትእዛዙ አዲስ አይደለም፤ የጠፋው የመልቀሚያ ቀን ነው።

የሚበሰብሰውን ለብቻ ከሰበሰብን በኋላ ምን ይደረግበታል?

ኮምፖስት ነው ዋናው፤ አበስብሶ ለተክል የሚሆን አፈር ማድረግ ማለት ነው። ከቤት ይልቅ ብዙ ካለበት ቢጀመር ይሻላል፤ ሃይሌ ጋርመንት ያለው አትክልት ተራ፣ ትልልቅ ሆቴሎች፣ የዩኒቨርሲቲ ካፌዎች። አትክልት ተራ ላይ ጠዋት የሚራገፈው የጎመን ቅጠልና የበሰበሰ ቲማቲም ከሌላ ነገር ጋር ሳይደባለቅ፣ በአንድ ቦታ፣ በየቀኑ ይገኛል። ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ከተማው ለመንገድ ዳር አበባና ለችግኝ ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ገዢው ራሱ ሊሆን ይችላል። ኮምፖስት ፕሮጀክቶች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ ማምረት አቅቷቸው ሳይሆን ገዢ አጥተው ነው። መስታወትና ላስቲክ የተቀላቀለበትን ኮምፖስት ደግሞ ገበሬ በነጻም አይወስደውም።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እኔስ ቤት ውስጥ መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ፈልጉ። ሥሩንና ጎኑን ብሱት፤ ከሥሩ ሳህን አኑሩ። ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ ለምኑ፤ ካጣችሁ ካርቶን ቅደዱ ወይም ደረቅ ቅጠል ልቀሙ። አንድ እጅ ልጣጭ በጨመራችሁ ቁጥር ሁለት እጅ ደረቅ አልብሱት። በሳምንት አንዴ ሁለቴ አገላብጡት።

መለኪያው እጃችሁ ነው። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ውሃ ከተንጠባጠበ ደረቅ ጨምሩ። እንደ አፈር ከተበታተነ ትንሽ ውሃ እርጩ። መሽተት ከጀመረ አየር አንሶታል፤ አገላብጡና ሰጋቱራ ጨምሩ። ሥጋ፣ አጥንት፣ ወተትና ዘይት አታስገቡ፤ አይጥ ይጠራል። የቡና አተላ ይወደዋል። እንጀራ በትንሹ ይቻላል፣ ግን ቆራርሱት፤ ካልሆነ ተያይዞ ይሻግታል። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ጥቁር፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ነገር ታገኛላችሁ። በረንዳ ላይ ላለችው የጥብስ ቅጠል ወይም ጤና አዳም ስጧት።

ለሁሉም ሰው ይሆናል አልልም። ጠባብ ቤት ሕጻናት ላሏት እናት ይህን እንደ ግዴታ መጫን ልክ አይደለም። ግቢ ያለው ሰው ግን ሰበብ የለውም።

ቁራሌውና ቆሼ ላይ የሚለቅሙት ሰዎች መነሳት የለባቸውም?

በጭራሽ። መርካቶ ያለው ሚናለሽ ተራ የሚደርሰው ብረት፣ ጠርሙስና ፕላስቲክ የከተማውን ካዝና አንድ ሳንቲም ሳያስወጣ የተሰበሰበ ነው። ማዘጋጃ ቤት ይህን ሥራ ልሥራ ቢል ስንት ሠራተኛ ይቀጥር እንደነበር አስቡት።

ሕንድ ውስጥ ፑኔ የምትባል ከተማ ያደረገችውን ማየት ይጠቅማል። ለቃሚዎቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማህበር አቋቁመው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ገቡ። ቤት ለቤት ይሰበስባሉ፤ ነዋሪው ወርሃዊ ክፍያውን በቀጥታ ለእነሱ ይሰጣል፤ የሚሸጠውን ሸጠው ገንዘቡን ራሳቸው ይይዛሉ። ለይቶ ያስረከበ ቤት ሥራቸውን ስለሚያቀልላቸው ያልለየውን ራሳቸው በር ላይ ይጨቀጭቁታል። እኛ ቁራሌውንና የጽዳት ማህበሩን ሁለት ተፎካካሪ አድርገን ትተናቸዋል። መታወቂያ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና የሚዛን ቦታ ብንሰጣቸው ትርፉ የሁላችን ነው።

የፌስታል ክልከላው ይሠራል?

የ1999ኙ አዋጅም ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ከልክሎ ነበር። ጉሊት ወርዳችሁ ቲማቲም ስትገዙ የተሰጣችሁን በጣታችሁ ዳብሱና ፍረዱ። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ባጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታል ጨርሶ ተከልክሏል፤ ይዞ የሚጠቀመውም ይቀጣል።

ሩዋንዳ በ2000 ዓ.ም.፣ ኬንያ በ2009 መጨረሻ ከልክለው አስከብረዋል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚለው ወሬ ውድቅ ነው። እኔ የምፈራው አስከባሪው ፋብሪካውንና አስመጪውን ትቶ የጉሊቷን ሴት እንዳያሳድድ ነው። ፌስታል ቁራሌው የማይገዛው፣ ነፋስ የሚያበረው፣ ሐምሌ ላይ ቱቦ የሚደፍነው ነገር ስለሆነ መቅረቱን እደግፋለሁ። ጨርቅ የሚመስለው አዲሱ ከረጢትም ብዙው ፕላስቲክ መሆኑን እወቁ። እናቶቻችን ይዘውት የሚወጡት ዘንቢል አሁንም መርካቶ ይሸጣል።

ግቢዬ ውስጥ ባቃጥለውስ?

አታድርጉ። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚተነፍሰው የእናንተው ልጅ ነው።

ዳይፐር፣ መርፌ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ባትሪስ?

ዳይፐር ውስጡን ሽንት ቤት ደፍታችሁ፣ ጠቅልላችሁ ከደረቁ ጋር። የኢንሱሊን መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅማችሁ ጤና ጣቢያ ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። የተሰበረ ጠርሙስ በካርቶን ጠቅልሉና ላዩ ላይ ጻፉበት፤ ማዳበሪያውን የምትሸከመው ልጅ በባዶ እጇ ነው። ባትሪ ከእርጥቡ ጋር እንዳይገባ፤ ኮምፖስቱን ይመርዘዋል።

ማህበሩ ሳምንታት ጠፋብን። ለማን እንናገር?

ለወረዳው የጽዳት አስተዳደር ጽህፈት ቤት። ብቻችሁን ከመሄድ በዕድር ወይም በኮንዶሚኒየም ኮሚቴ በኩል ሂዱ። «ቆሻሻ አልተነሳም» ብቻ አትበሉ። ቀጠናችሁን የያዘው የትኛው ማህበር እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን መምጣት እንዳለበትና የእርጥብና የደረቅ ቀን ሊለይላችሁ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ኮሚቴው ለመለየት ዝግጁ የሆኑ ቤቶችን ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ ለጽህፈት ቤቱም ለማህበሩም እምቢ ማለት ይከብዳል። የውሃ ቢላችሁንም ያዙ፤ መክፈላችሁን ያሳያል።